በሐይቅ ወለል ላይ የሚሰማ ነጐድጓድ

ከሰሜን ወደ ስኪፕሆል፣ ወደ ሆላንዱ የአምስተርዳም አውሮፕላን ማረፊያ፣ የሚወርደው የአየር መርከብ ፖልደርባን በሚባለው፣ ከማኮብኮቢያዎቹ ሁሉ በርቀቱ በታወቀው ላይ ያረፈ እንደ ሆነ፣ መንገደኛው ደረስሁ ብሎ መታጠቂያውን ለመፍታት ቢቸኩልም ጉዞው ገና አላለቀም፤ አውሮፕላኑ ሩብ ሰዓት ለሚያህል ጊዜ በጎማው እየተሽከረከረ፣ በእርሻና በቦይ መካከል፣ ይልቁንም መኪኖች ከበታቹ በሚፈሱበት ድልድይ ላይ እየተሻገረ ነው ወደ መንገደኞች አዳራሽ የሚደርሰው። ከጎኔ የተቀመጡት ሰዎች በዚህ መዘግየት ሲያጉረመርሙ ሰማሁ። እኔ ግን ማኮብኮቢያው እንዲህ ርቆ የተሠራው ለሚበርረው ሰው ምቾት ሳይሆን በቤቱ ለተኛው ሰው ዕረፍት ታስቦ መሆኑን አስቀድሜ አንብቤ ነበርና መዘግየቱን በደስታ ተቀበልሁት። የመጣሁትም ይህንኑ ለማየት ነበር፤ ሰማዩ ሥራ የበዛበት አገር በምድር ላይ ያለውን ሕዝብ ጸጥታ እንደ ምን አድርጎ እንደሚጠብቅ፣ መጠበቅም ሲሳነው ምን እንደሚያደርግ።

ስፍራው ታሪኩ ረጅም ነው (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ሃርለመርሜር ይባል የነበረው ሰፊ ሐይቅ በማዕበሉ ዳርቻውን እየበላ አምስተርዳምንና ሌይደንን ሳይቀር ቢያሰጋ፣ ሆላንዶች ዙሪያውን በግድብና በቦይ አጥረው፣ በሦስት ታላላቅ የእንፋሎት ሞተሮች ውኃውን ከ1849 ጀምሮ ሲቀዱ ቆይተው በ1852 አደረቁት። ውኃን ከየብስ መለየት በዕለተ ሠሉስ የተፈጸመ የፈጣሪ ሥራ መሆኑን ከአባቶቻችን ለተማርን ለእኛ፣ የሰው ልጅ በእጁ ሥራ ካደረቀው ሐይቅ ወለል ላይ ቆሞ ማየት ልብን በአድናቆት የሚሞላ ነገር ነው። ከወለሉ ላይ የተገኘው ከባድ ሸክላማ አፈር፣ የበቾ ገበሬ ቢያየው ያለ ጥርጥር መረሬ የሚለው ዓይነት ነውና፣ ገበሬዎች ሰፈሩበት፤ በ1916 ደግሞ አውሮፓ በጦርነት ስትነድ፣ የአገሪቱ ጦር ሠራዊት ከመስኩ ጥቂቱን ከልሎ ለአውሮፕላን ማረፊያ አደረገው። ዛሬ በዚያ፣ ከባሕር ጠለል ከ3 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው ሜዳ፣ በዓመት ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ጊዜ አውሮፕላን ይነሣል፣ ያርፋልም። ኮረብታ የለም፤ ሸለቆ የለም፤ ድምፅ ከአንዱ አድማስ ወደ ሌላው ሲሄድ መንገዱን የሚዘጋበት አንዳች ነገር የለም።

ያረፍሁት በሆፍዶርፕ ከተማ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከብዙ ዘመን በፊት ከአገራችን ወጥቶ በዚያ ቤትና ቤተሰብ ባፈራ በአንድ የሥጋ ዘመዴ ቤት ነበር። ማለዳ ቡናው ገና ሳይቀርብ ከመስኮቱ አጠገብ ቆሜ ሰማዩን እየቃኘሁ አውሮፕላን ስፈልግ አይቶ፣ «ጋሼ፣ የዚህን ሰፈር ነገር በዓይንዎም በጆሮዎም አይፈልጉት፤ እጅዎን መስተዋቱ ላይ ያኑሩት» አለኝ። አኖርሁ። መስተዋቱ ይርገበገብ ነበር። በሰማይ ላይ አንዳች የለም፤ ነገር ግን ከምድር ወለል ላይ የሚመጣ፣ ከመስማት ይልቅ በደረት የሚታወቅ ጉርምርምታ ቤቱን ዞሮት ነበር፤ ቆየት ብሎ ጠፋ፤ ጥቂት ቆይቶም ተመለሰ። «አውሮፕላኑ ወደ ሰሜን ነው የሚነሣው፤ እኛ ከበስተ ኋላው ነን፤ የሞተሩ እስትንፋስ ወደ እኛ ነው» ብሎ አስረዳኝ።

ፖልደርባን በ2003 ሥራ ሲጀምር ዓላማው ቅን ነበረ። 3,800 ሜትር ርዝመት ያለው ይህ ማኮብኮቢያ ከከተሞቹ ተገንጥሎ የተዘረጋው፣ የሚነሡትም የሚያርፉትም አውሮፕላኖች በሰሜን በኩል ብቻ እንዲመላለሱበት ነው፤ በዚህም ዝዋነንቡርኽን በመሰሉ መንደሮች ራስ ላይ ይፈስ የነበረው ጩኸት በብዙ ቀለለ። ነገር ግን ከሰማይ የተነሣው መከራ በምድር ላይ ተከተለ። ሊቃውንቱ እንደሚሉት፣ ቀጭን ድምፅ በአጭር ርቀት ይደክማል፣ ግድግዳና አጥርም ያቆመዋል፤ ወፍራሙ ድምፅ ግን አንዱ ማዕበሉ ብቻ 10 ሜትር እና ከዚያም በላይ የሚረዝም በመሆኑ ግድግዳውን አልፎ ይገባል፣ አጥሩንም ተሻግሮ ይጎነበሳል። በሌሊት ወደ ማሕሌት የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ከሩቅ አስቀድሞ የሚደርሰው የከበሮው ድምፅ ነው፣ ጽናጽሉ የሚሰማው ቅጽረ ቤተ ክርስቲያኑ ሲቀርብ ነው። እንግዲህ የሆፍዶርፕ ሰሜን ነዋሪዎች ከቤታቸው ብዙ ሺህ ሜትር ርቆ የሚነሣውን አውሮፕላን ከበሮ ብቻ ነው የሚሰሙት፤ ወፍራም መስተዋት ማስገባትም ለዚህ ድምፅ እምብዛም አይረዳቸውም።

አሁን ልቤን ወደ ማረከው ነገር እደርሳለሁ። ነዋሪዎቹ አቤቱታ ባቀረቡ ጊዜ መሐንዲሶቹ ግንብ እናቁም ቢሉ፣ ያን ያህል ረጅም ማዕበል የሚያግድ ግንብ ከፍታው ለማሰብ እንኳ የሚከብድ ሆነ። በዚህ መካከል ከዚያው ከሰፈሩ ሰዎች አንድ ነገር ተሰማ፤ ይኸውም በማኮብኮቢያውና በከተማው መካከል ያለው መስክ በመከር ወራት ከታረሰ በኋላ ጉርምርምታው ቀለል ይላል የሚል ነበር። ማረሻ ያለፈበት መረሬ ጓሉ ተገልብጦ፣ ትልሙ ተከታትሎ ሲቆም፣ በምድር ላይ እየተሳበ የሚመጣው ድምፅ በየጓሉ እየተሰበረ ወደ ሰማይ ይበተናል፤ መሬቱ ረግቶና ተስተካክሎ እንደ ጠረጴዛ በሆነ ጊዜ ግን ድምፁ እንደ ልቡ ይሮጥበታል። ይህ ከመጽሐፍ የተገኘ ዕውቀት አይደለም፤ በመስክ ዳር ከሚኖሩ ሰዎች ጆሮ የተገኘ ነው፤ ሊቃውንቱም ንቀው አልተዉትም፣ መርምረው እውነት መሆኑን አረጋገጡ እንጂ። ይህን ባወቅሁ ጊዜ የተሰማኝን ክብር ለመደበቅ አልፈልግም። ዘመዴም አያቱ በሬ ጠምዶ ያረሰ ሰው ነውና ይህን ታሪክ ሲነግረኝ ፊቱ በራ።

ከዚያ ምልከታ የተወለደው በይተንስኾት የሚባለው መናፈሻ ነው፤ በ2013 ተከፈተ። ፓውል ደ ኮርት የተባለ የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ከመልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ከ30 ሄክታር በሚበልጥ መስክ ላይ የሰው ቁመት የሚያህሉ ረጃጅም የአፈር ጀርባዎችን፣ በቁጥር 150 ያህል፣ ቀጥ ብለው እንዲሠሩ አደረገ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት የዚያን ክፉ ድምፅ ማዕበል ርዝመት እንዲያህል ሆኖ ተለክቷል፤ ቁፋሮውም በሳተላይት በሚመራ ማሽን ተሠርቷል። ከላይ ለሚያይ ሰው ግዙፍ ማረሻ ያለፈበት እርሻ ይመስላል። እኔ በእግሬ ገባሁበት። ሣር የለበሱት ጀርባዎች በግራና በቀኝ ከፍ ብለው፣ በመካከላቸው ጠባብ መንገድ ይሄዳል፤ አንዲት እናት ሁለት ልጆችዋን በብስክሌት ታስከትላለች፤ አንድ ሽማግሌ ውሻውን ይዞ ይራመዳል። አውሮፕላን በሩቅ ሲነሣ ከጀርባዎቹ አናት ላይ ቆሜ ሰማሁት፤ በመካከላቸው ወዳለው መንገድ ወርጄም ሰማሁት፤ ወርጄ ሳለሁ የሣሩን ሽውታ መለየት ቻልሁ።

የዚህን ሠዓሊ መንፈስ ያነሣሣው ኤርንስት ክላድኒ የተባለ፣ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የነበረ ጀርመናዊ የድምፅ ሊቅ ነው ይባላል፤ እርሱም በብረት ገበታ ላይ አሸዋ ነስንሶ በመሰንቆ ደጋን በሚመስል ቀስት ዳሩን ሲመታው፣ አሸዋው ተሰብስቦ ልዩ ልዩ ሐረግ ይሠራ ነበርና ድምፅ መልክ እንዳለው ለዓለም ያሳየ ሰው ነው። ስለዚህ መናፈሻው ድምፁን ከመበተኑ በላይ ድምፁን ያስጠናል፤ ጆሮ የሚመስል ጎባጣ ስፍራ ተሠርቶበት፣ የወደደ ሰው ተቀምጦ የሩቁን ሞተር አጕልቶ ይሰማበታል። መከራን የሚያቀልል ነገር ውበትም እንዲኖረው ማሰብ ከፍ ያለ አሳብ ነው። የአፈሩ ጀርባ ብቻውን የሚቀንሰው ጥቂት ዴሲቤል ነው፤ ይህን ግን ማንም አይናቀው፤ በዴሲቤል ሥርዓት 3 መቀነስ ማለት የድምፁን ጉልበት በግማሽ ማጉደል ነውና።

ከዚህ በኋላ ስለ መለኪያው ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም በዚህ አገር ጠቡ ሁሉ ያለው በመለኪያው ላይ ነው። በማረፊያው ዙሪያ ባሉት መንደሮች ከ30 የሚበልጡ ምሰሶዎች ተተክለዋል፤ በየጫፋቸው ማይክሮፎን አለ፤ ኖሞስ የተባለው ሥርዓት ማይክሮፎኑ የሰማውን ከራዳሩ መረጃ ጋር አገናኝቶ ይህ ጩኸት የየትኛው አውሮፕላን እንደ ሆነ ይለያል፤ ማንኛውም ሰውም በቤቱ ሆኖ ሊመለከተው ይችላል። እንዲህ ያለውን ግልጽነት አደነቅሁ። ነገር ግን ሕጉ የሚያውቀው ሌላውን ነው። አየር መንገዱና ማረፊያው ገደቡን አልፈዋል ወይስ አላለፉም የሚባለው በምሰሶው በሚለካው ሳይሆን፣ ስንት አውሮፕላን በየትኛው መንገድ አለፈ ተብሎ በቀመር በሚሰላው ነው። በ1960ዎቹ ፕሮፌሰር ኮስተን የመሩት ጉባኤ ያበጀው የቀድሞው መስፈሪያ፣ በእርሳቸው ስም የተጠራው፣ በሥራ ላይ ሲውል ከ65 ዴሲቤል በታች ያለውን ድምፅ ከሒሳቡ ውጭ ያደርገው ነበር፤ በመንደሩ ላይ የተሰማው በመዝገቡ ላይ አልተሰማም ማለት ነው። በ2003 ይህ ቀርቶ የአውሮፓው መስፈሪያ ተተካ፤ የዓመቱን ድምፅ ሁሉ ሰብስቦ አማካዩን ሲያወጣ፣ በሠርክ የተሰማው ላይ 5 ዴሲቤል፣ በሌሊት የተሰማው ላይ 10 ዴሲቤል ይጨምርበታል፤ ለጠቅላላው ድምፅ 35 ነጥቦች፣ ለሌሊቱ ደግሞ 25 ነጥቦች በካርታ ላይ ተወስነው በእያንዳንዱ ላይ ገደብ ተደረገ።

የሠርኩና የሌሊቱ ሰዓት ከቀኑ ይልቅ እንዲከብድ መደረጉ መልካም ነው፤ ለጸሎት ሰዓታትን ከፍላ የሰጠች ቤተ ክርስቲያን ልጅ እንደ መሆኔ ሰዓት ሁሉ በክብር እኩል አለመሆኑን ለመቀበል አልቸገርም። ነገር ግን አማካይ የሚባለው ነገር ያስጨንቀኛል። ሕፃን ያስተኛች እናት የምትነቃው በዓመቱ አማካይ አይደለም፤ ከሌሊቱ በአንዱ ሰዓት፣ በአንዱ አውሮፕላን ነው። በአማካዩ ውስጥ ጸጥ ያሉት ቀናት ለጩኸተኞቹ ቀናት ይቅርታ ይሰጣሉ፤ በመንደሩ ሰው ሰውነት ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ስርየት የለም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 ያወጣው መመሪያ የአውሮፕላን ድምፅ በቀንና ሌሊት አማካይ ከ45፣ በሌሊት ብቻ ከ40 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል፤ የስኪፕሆል ዙሪያ ሰዎች የሚኖሩበት ድምፅ ከዚህ የራቀ ነው። በአምስተርዳም ደቡብ ምሥራቅ ደግሞ ሌላም ነገር ከድምፁ ጋር ይሰማል። በኦክቶበር 4 ቀን 1992 አንድ የዕቃ ማመላለሻ ቦይንግ 747 ሁለት ሞተሮቹን አጥቶ ወደ ስኪፕሆል ሊመለስ ሲሞክር በበይልመር ሰፈር ፎቆች ላይ ወድቆ 43 ሰዎች ሞተዋል፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ሰፈር ዝቅ ብሎ የሚያልፍ አውሮፕላን ፍርሃትን ይዞ ያልፋል፤ ይህንንም ማንም ማይክሮፎን አይለካውም።

ድምፁን ከምንጩ ለመቀነስ የተደረገው ብዙ ነው፤ ባጭሩ እጠቅሰዋለሁ። ጄምስ ላይትሂል የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1952 እንዳሳየው ከሞተሩ የሚወጣው አየር ፍጥነት እጥፍ ቢሆን የድምፁ ጉልበት ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ስለዚህ የዛሬ ሞተሮች አብዛኛውን አየር በዝግታ ከጎን የሚያሳልፉ ሆነው ተሠሩ፤ እጅግ ጩኸተኞቹ የቆዩ አውሮፕላኖችም ከአፕሪል 2002 ጀምሮ ወደ አውሮፓ እንዳይገቡ ተከለከሉ። በሌሊት የሚመጣው አውሮፕላን በየእርከኑ እየቆመ ሞተሩን ከማስጮህ ይልቅ ሳያቋርጥ በዝግታ እንዲወርድ ይደረጋል፤ በቀን ግን የትራፊኩ ብዛት ይህን ብዙ ጊዜ አይፈቅድም። ጩኸተኛ አውሮፕላን ለማረፊያው የበለጠ ይከፍላል። ከ10 ሺህ የሚበልጡ ቤቶችም መስኮታቸውና ጣሪያቸው ተጠናክሯል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ አውሮፕላን ጸጥታን እየተማረ ሲመጣ ቁጥራቸው እየበዛ ሄደ፤ ለሕዝቡ ተመልሶ ሊሰጥ ይገባ የነበረው ዕረፍት ለተጨማሪ በረራ ዋለ። የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው።

መንግሥት በጁን 2022 በዓመት 500,000 የነበረውን የበረራ ጣሪያ ወደ 440,000 ዝቅ አደርጋለሁ ብሎ ነበር፤ አየር መንገዶች ተከራከሩ፣ አሜሪካና የአውሮፓ ኮሚሽንም ተቃወሙ፣ በኖቬምበር 2023 እቅዱ ታገደ። ነዋሪዎቹ ግን ወደ ፍርድ ቤት ሄደው ነበር። ማርች 20 ቀን 2024 የሄግ ፍርድ ቤት መንግሥት በስኪፕሆል ዙሪያ የሚኖሩትን ሰዎች መብት፣ ይኸውም የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ስምምነት በ8ኛው አንቀጽ ለቤትና ለቤተሰብ ሕይወት የሰጠውን ጥበቃ፣ ሳያከብር መቅረቱን ፈረደ፤ ዋናው ነገር ደግሞ ሕግ አለመኖሩ አልነበረም። በነጥቦቹ ላይ ገደብ ነበረ፤ አዲስ ሕግ ይወጣል እየተባለ ግን የገደቡ መጣስ ለዓመታት በዝምታ ይታለፍ ነበር። ፍርድ ቤቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ነባሩ ሕግ ይፈጸም አለ፤ በካርታው ላይ ከተሰመረው የጩኸት ክልል ውጭ ሆነው የሚሠቃዩትም ሰዎች ይሰሙ አለ። ዘመዴ ይህን ሲተርክልኝ ድምፁ አልጎላም፤ «ጋሼ፣ ሰው ነገሩን ካደመጠለት እኮ ግማሹ ይቀልለዋል» አለኝ።

በማግስቱ ሳይነጋ ወደ አልስሜር ወሰደኝ። በዚያ ከማረፊያው ጥቂት ርቀት ላይ የዓለም ታላቁ የአበባ ጨረታ አዳራሽ አለ፤ ሠራተኞች ባለ ጎማ ጋሪዎችን ሰንሰለት አስመስለው እየጎተቱ በጨለማ ይመላለሱበታል። ከጋሪዎቹ በአንዱ ላይ የአገሬን ስም አየሁ። ጽጌረዳ ነበረ፤ ከባቱ ይሁን ከሆለታ ወይም ከሰበታ አላውቅም፤ ትናንት በእኛ ፀሐይ የተቈረጠ፣ በቦሌ ሌሊት የተጫነ፣ ጠዋት ሳይረፍድ በሆላንድ የሚሸጥ ነው። ከዚህ ንግድ በሺህ የሚቆጠሩ እኅቶቻችን እንጀራ ይበላሉ። ይህንንም አበባ የሚያመጣው አውሮፕላን፣ በስኪፕሆል ቢያርፍ ወይም በአቅራቢያው በሌላ ማረፊያ ወርዶ በመኪና ቢመጣ፣ የአንዱን ቤት መስተዋት አርገብግቦ ነው የሚመጣው። ከጋሪው ፊት ለፊት ብዙ ቆየሁ። አበባው ይቅር ለማለት ልቤ አልፈቀደም፤ አሁንም አይፈቅድም። ነገር ግን አበባው በሌሊቱ በየትኛው ሰዓት፣ በምን ዓይነት ሞተር፣ በእነማን ጣሪያ ላይ እንደሚያልፍ መጠየቅ የሆላንዶች ብቻ ጉዳይ ሆኖ እንዳይቀር እፈልጋለሁ።

ምክንያቱም የእኛም ነው። ቦሌ ሲሠራ ከከተማው ዳር የነበረ ሜዳ ነበር፤ ዛሬ አዲስ አበባ በአራቱ ማዕዘን ከብባዋለች፤ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ በአውሮፕላኑ መንገድ ሥር አሉ፤ የእኛ አየር መንገድ በአፍሪካ ታላቅ በመሆኑ የምንኮራውን ያህል፣ በጣሪያው ሥር ያለ ተማሪ ትምህርቱ በስንት ደቂቃ አንድ ጊዜ እንደሚቋረጥበት ልንጠይቅ ይገባናል። በቢሾፍቱ አጠገብ በአቡሴራ የታቀደው ታላቅ ማረፊያ ደግሞ ሆላንዶች ያላገኙትን ዕድል ይሰጠናል። አውሮፕላን ከመነሣቱ በፊት የመለኪያው ምሰሶ በየቀበሌው ይተከል፤ የዛሬው ሌሊት ድምፅ፣ የነፋሱና የደወሉ፣ የውሻውና የጅቡ ሳይቀር፣ በዴሲቤል ይመዝገብ፤ በማኮብኮቢያው ጫፍና ጫፍ ያለው መሬት ለመኖሪያ ቤት እንዳይሰጥ ከአሁኑ በሕግ ይከለል። በዙሪያውም የሚቀሩት ገበሬዎች፣ ነፋሱ በየትኛው ወር ከየት እንደሚነፍስና መረሬው መቼ እንደሚታረስ የሚያውቁት፣ መሐንዲሶቹ ካርታውን ከመዝጋታቸው በፊት ተጠርተው ይጠየቁ።